የኤቢኤስን መብራት ማጥፋት ጥገና አይደለም

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በተሽከርካሪ ጥገና ሙያ የምተዳደር የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። ያገለገለ መኪና ለመግዛት የተስማሙ ሰዎች ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት እንድመለከትላቸው ይዘው ከሚመጧቸው ኤስዩቪ መኪናዎች መካከል የኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን በድንገት ሲያዝ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከለው ሥርዓት፣ ማስጠንቀቂያ መብራታቸው ጨርሶ የማይበራ እየበዙ መምጣታቸው ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አስገድዶኛል። ገዢው መብራቱን ስለማያየው መኪናው ደህና ይመስለዋል። ነገር ግን በደህና መኪና ላይ ይህ ቢጫ መብራት ቁልፉ ወደ ኦን ሲዞር በርቶ፣ ሥርዓቱ ራሱን ለሦስት ሴኮንድ ያህል ፈትሾ ሲጨርስ በራሱ ጊዜ መጥፋት አለበት። ፈጽሞ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ራሱ ተቃጥሎ ካልሆነ በቀር አንድ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቶታል ማለት ነው።

የማጥፋቱ ዘዴ እንደ መኪናው ዕድሜ ይለያያል። በቆዩት መኪናዎች ላይ አምፖሉ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ይነቀላል። የሚነቀል አምፖል በሌላቸው ላይ ደግሞ ምልክቱ በጥቁር ፕላስተር ይሸፈናል፣ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው መስመር ይቆረጣል። ከሁሉ የከፋው የኤቢኤሱን መብራት ከባትሪው ወይም ከሞተር ዘይቱ መብራት ጋር አያይዞ መቀጠል ነው፤ እንዲህ የተደረገበት መኪና ቁልፉ ሲዞር መብራቱ እንደ ደንቡ ይበራል፣ ሞተሩ ሲነሳም ይጠፋል፣ ስለዚህ ጠንቀቅ ብሎ የሚያየውን ገዢ እንኳ ያታልላል። ይህን ለመለየት ቁልፉን ወደ ኦን አዙሮ ሞተሩን ሳያስነሱ ጥቂት መጠበቅ ይበቃል። የባትሪውና የዘይቱ መብራቶች ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ እንደበሩ ይቆያሉ፤ የኤቢኤሱ ግን በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ሞተሩ ሳይነሳ ብቻውን መጥፋት አለበት። ከእነሱ ጋር አብሮ ቆይቶ ከእነሱ ጋር በአንድ ቅጽበት የሚጠፋ ከሆነ ሽቦው ተነካክቷል።

ጉዳዩ ዛሬ ከበፊቱ የበለጠ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካደረገ ወዲህ በገበያው ላይ የሚዞሩት የቤንዚንና የናፍጣ ኤስዩቪዎች በአመዛኙ ቀድሞ የገቡት ናቸው። ራቫ ፎሩ፣ ቪታራው፣ ቱሳኑ፣ ስፖርቴጁ፣ ፕራዶው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ባለቤቱ ይለወጣል፣ ሊብሬው ይዛወራል፣ መኪናው ግን ያው ነው፣ ዕድሜውም በየዓመቱ ይጨምራል። ከአውሮፓ የገባው በክረምት በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚበተንበት መንገድ ላይ ሲሄድ ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ ከዱባይ የገባው የአሸዋና የሙቀት ዕድሜ አለው። ዋጋው ግን በዚያው ልክ አልወረደም። አንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባውን አውጥቶ፣ አንዳንዴም ከዘመድ ተበድሮ የሚገዛው መኪና ፍሬኑ የሚሠራ መሆኑን የማወቅ መብት አለው።

ኤቢኤስ በቦሽ ኩባንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1978 በመርሰዲስ ኤስ ክላስ ላይ ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ መሠረታዊ አሠራሩ ግን አልተለወጠም። በየጎማው አጠገብ ያለው ሴንሰር የጎማውን የመሽከርከር ፍጥነት ለኮምፒውተሩ ይነግራል። አሽከርካሪው በድንገት ፍሬን ሲረግጥ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ሊቆልፍ ሲቃረብ ኮምፒውተሩ ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት በቫልቮች አማካይነት ይቀንሳል፣ ጎማው መሽከርከር ሲጀምር መልሶ ይጨምራል፤ ይህንም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ያደርገዋል። በዚያን ጊዜ ፔዳሉ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል፣ ከኮፈኑ ሥርም የሚያንኳኳ ድምፅ ይሰማል። ብዙ አሽከርካሪ ይህን ሲሰማ ፍሬኑ የተበላሸ መስሎት እግሩን ያነሣል፤ ማድረግ ያለበት ግን ጠንክሮ ረግጦ መቆየትና መሪውን መምራት ነው።

የኤቢኤስ ዋና ጥቅም መኪናውን ሁልጊዜ ባጭር ርቀት ማቆም አይደለም። እንዲያውም ጠጠርና ልል አፈር ባለበት መንገድ ላይ የማቆሚያውን ርቀት ሊያስረዝመው ይችላል። ጥቅሙ ጎማው ስለማይቆልፍ መሪው የሚታዘዝ መሆኑ ነው። የተቆለፈ የፊት ጎማ መሪው ወደየትም ቢዞር ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል፤ የተቆለፈ የኋላ ጎማ ደግሞ መኪናውን ያሽከረክረዋል። ኤስዩቪ ከአውቶሞቢል ይልቅ ከመሬት ከፍ ያለና ክብደቱ ወደ ላይ ያለ በመሆኑ ወደ ጎን መንሸራተት ከጀመረና ጎማው ከመንገድ ዳር ጠርዝ ጋር ከተጋጨ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። በክረምት የመጀመሪያ ዝናቦች፣ አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ መንገዱ በሚያዳልጥበት ሰሞን፣ ይህ ሥርዓት መሥራቱና አለመሥራቱ የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

የኤቢኤስ ችግር ተብለው ወደ ጋራዥ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከጎማው አጠገብ እንጂ ከኮምፒውተሩ አይደለም። በቆዩት ሞዴሎች ላይ ያለው ሴንሰር ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ሆኖ፣ ፊት ለፊቱ የሚዞረውን ጥርስ ያለው ቀለበት እያየ የኤሌክትሪክ ምልክት ያመነጫል። በሴንሰሩና በቀለበቱ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ዝገት፣ ጭቃ ወይም ከፍሬን ሸራው የሚረግፍ የብረት ብናኝ ሲከማችበት ምልክቱ ይዳከማል። የሴንሰሩ ሽቦም መሪው በዞረና ጎማው በተነሣ ቁጥር ስለሚታጠፍ ከላይ ያለው ላስቲክ ደህና ሆኖ ሳለ ውስጡ ይበጠሳል። ገጠር ለገጠር የሚሄዱ መኪናዎች ላይ ደግሞ በድንጋይ ተመትቶ የተቆረጠ ሽቦ ማግኘት የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ በማጽዳት፣ ሽቦ በመቀጠል ወይም አንድ ሴንሰር በመለወጥ የሚስተካከል ብልሽት ነው፤ መብራቱን ለመደበቅ ዳሽቦርድ እስከ መፍታት የሚደርሰው ባለሙያ ያንኑ ጊዜ ጎማውን አውርዶ ሴንሰሩን ለማየት ቢያውለው ኖሮ ችግሩን ባገኘው ነበር።

በአዳዲሶቹ ሞዴሎች ላይ ጥርሱ ያለው ቀለበት ቀርቶ በምትኩ ጎማው በሚዞርበት በኩሽኔታው መዝጊያ ጎሚኒ ላይ በዓይን የማይለይ የማግኔት ቀለበት ተደርጓል። ብዙ ጥፋት የሚሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የኩሽኔታው ሁለት ፊቶች ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ማግኔት ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ወደ ሴንሰሩ ፊቱን አዙሮ መግባት አለበት። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ኩሽኔታውን ገልብጦ ሲያስገባው ጎማው ያለ ድምፅ ይዞራል፣ ባለቤቱም ሥራው አምሮለት ከፍሎ ይሄዳል፤ መኪናው ገና ጥቂት ሜትር እንደተጓዘ ግን የኤቢኤስ መብራት ይበራል። ከዚያ በኋላ ሴንሰር ይለወጣል፣ አልጠፋም ይላል፤ ከሶማሌ ተራ የተፈታ የኤቢኤስ ፓምፕ ተገዝቶ ይገጠማል፣ አሁንም አልጠፋም ይላል፤ በመጨረሻም አምፖሉ ይነቀላል። ኩሽኔታው በመዶሻ ተመትቶ ሲገባም የማግኔቱ ቀለበት ይሰነጠቃል ወይም ይጎዳል፣ ውጤቱ ያው ነው። ብናኝ ብረት የያዘች ትንሽ ወረቀት ወይም ለዚህ የተሠራ መለያ ካርድ ወደ ኩሽኔታው ማስጠጋት የማግኔቱን ፊት ወዲያው ያሳያል። ይህን ያህል ቀላል የሆነ ፍተሻ ባለመደረጉ ስንት መኪና ያለ ኤቢኤስ እየሄደ እንደሆነ ሳስብ ያንገበግበኛል።

የጎማ መጠን መለያየትም መብራቱን ሊያበራ ይችላል። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ያነሰ ወይም እጅግ ያለቀ ከሆነ በፍጥነት ስለሚዞር ኮምፒውተሩ ልዩነቱን እንደ ብልሽት ይቆጥረዋል፤ በፎር ዊል መኪና ላይ ደግሞ ይህ ለማስተላለፊያውም ጎጂ ነው።

ከመብራቱ መብራት ይልቅ አደገኛ የሆነ አንድ ሁኔታ አለ። የሴንሰሩ ምልክት ጨርሶ ሳይጠፋ ሲዳከም ኮምፒውተሩ ብልሽት መኖሩን አያውቅም፤ መኪናው ሊቆም ሲቃረብ ግን የጎማውን ፍጥነት ከእውነተኛው አሳንሶ ስለሚያነብ ጎማው የተቆለፈ ይመስለውና ግፊቱን ይለቃል። አሽከርካሪው በደረቅ አስፋልት፣ በዝግታ፣ ወደ ትራፊክ መብራት ወይም ወደ ፊተኛው መኪና እየተጠጋ ሳለ ፔዳሉ በድንገት ይንቀጠቀጥበታል፣ መኪናውም መቆም ካለበት ቦታ አልፎ ይሄዳል። ጀነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ጨው በሚበተንባቸው ግዛቶች የነበሩ ፒካፖችንና ትላልቅ ኤስዩቪዎችን በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ለጥገና የጠራው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ በሴንሰሩ መቀመጫ ሥር የተፈጠረው ዝገት ሴንሰሩን ከቀለበቱ አርቆት ነበርና። እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው መኪና ላይ ፊውዙን ነቅሎ «አሁን ደህና ሆኗል» ብሎ ማስረከብ ከአንዱ አደጋ አውጥቶ ወደ ሌላው መክተት ነው።

ስለ መብራቶቹ ለአሽከርካሪዎች የምለው አንድ ነገር አለኝ፤ ይህን ልብ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ቢጫው የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ሲበራ መደበኛው ፍሬን ይሠራል፣ የጠፋው መቆለፍን የሚከላከለው ክፍል ነው፤ እየተጠነቀቁ ወደ ጋራዥ መሄድ ይቻላል። ቢጫው ከቀዩ የፍሬን መብራት ጋር አብሮ ከበራና የእጅ ፍሬኑ ካልተያዘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወይ የፍሬን ዘይት ጎድሏል፣ ወይም ከፊትና ከኋላ ጎማዎች መካከል የፍሬን ኃይሉን የሚያከፋፍለው ክፍል ሥራ አቁሟል። ማከፋፈሉ ሲቀር ጠንከር ተደርጎ ፍሬን በተያዘ ጊዜ የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ ቀድመው ሊቆልፉ ይችላሉ፣ መኪናውም በራሱ ላይ ይዞራል። ሁለቱ መብራቶች አብረው የበሩበት መኪና በዝግታም ቢሆን መነዳት የለበትም፤ ባለበት ቆሞ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። የኤቢኤሱን መብራት የነቀለ ሰው ይህን ሁለተኛ ማስጠንቀቂያም አብሮ ነጥቆናል፤ ቀዩ ብቻውን ሲበራ አሽከርካሪው ሸራ አልቆ ወይም ዘይት ትንሽ ጎድሎ ነው ብሎ ማለፉ አይቀርምና።

ምርመራውን በተመለከተ ገዢዎች ማወቅ ያለባቸው፣ በየሱቁ የሚሸጠው ርካሽ ኮድ ማንበቢያ አብዛኛውን ጊዜ የሞተርን ኮዶች ብቻ የሚያነብ መሆኑን ነው። እነዚህ ኮዶች በፒ ፊደል ይጀምራሉ። የፍሬንና የኤቢኤስ ኮዶች ግን በሲ የሚጀምሩ ሲሆኑ፣ ለምሳሌ በቶዮታዎች ላይ ሲ0200 የቀኝ የፊት ጎማ ሴንሰርን፣ ሲ0205 የግራውን ያመለክታል። ስለዚህ አንድ ደላላ መሣሪያውን ሰክቶ «ይኸው ኮድ የለም» ቢል ማረጋገጫ አይሆንም፤ የኤቢኤስን ክፍል ከፍቶ የሚያነብና የአራቱንም ጎማዎች ፍጥነት መኪናው እየሄደ የሚያሳይ ስካነር ያስፈልጋል። ሦስቱ ጎማዎች ሃያ ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያሳዩ አራተኛው ዜሮ ላይ ከቀረ የት መፈለግ እንዳለብን አወቅን ማለት ነው።

የኤቢኤስ ሞጁሉ፣ ማለትም ኮምፒውተሩንና ቫልቮቹን የያዘው ክፍል፣ ራሱ የሚበላሽበት ጊዜም አለ፣ በተለይ በሂዩንዳይና በኪያ መኪናዎች ላይ ችላ ሊባል የማይገባው ጉዳይ ተከስቷል። ሁለቱ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በአሜሪካ ከ3 ሚሊዮን በላይ መኪናዎችን ለጥገና ጠርተዋል፤ ምክንያቱም በኤቢኤስ ሞጁል ውስጥ የፍሬን ዘይት እየፈሰሰ የኤሌክትሪክ ሾርት ሊፈጥርና ቆሞ ባለ መኪና ላይ እንኳ እሳት ሊያስነሳ ይችል ነበር። ለባለቤቶቹም እስኪጠገን ድረስ መኪናውን ከቤትና ከሌላ ሕንፃ አርቀው ሜዳ ላይ እንዲያቆሙ ተነግሯቸዋል። ከተጠሩት ሞዴሎች መካከል ቱሳን፣ ሳንታፌ፣ ሶሬንቶና ስፖርቴጅ ይገኙበታል፤ እነዚህ ሞዴሎች በከተማችን በየቀኑ የምናያቸው ናቸው። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ያለው ሰው ባለ 17 አኃዝና ፊደል የሻንሲ ቁጥሩን በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ አስገብቶ ያልተሠራ ጥሪ መኖሩን ማየት ይችላል። የተሰጠው መፍትሔ ለኤቢኤሱ አነስ ያለ አምፔር ያለው ፊውዝ መቀየር ነበር፤ እኛ ዘንድ ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ከፍ ያለውን መሰካት የተለመደ በመሆኑ ይህን እዚህ ላይ ማንሣቱ ተገቢ ነው።

በአንዳንድ የቶዮታ ትላልቅ ኤስዩቪዎች ላይ፣ አንዳንድ ፕራዶዎችን ጨምሮ፣ ሰርቮው፣ ማለትም የእግርን ግፊት የሚያግዘው ክፍል፣ በአየር ሳይሆን በኤሌክትሪክ ፓምፕ በሚጠራቀም የዘይት ግፊት ይሠራል፤ ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎች የሚገፋው)፣ ፓምፑና የኤቢኤስ ቫልቮቹም በአንድ አካል ተሰባስበዋል። ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ፓምፑ ረዥም ጊዜ የሚጮህ ከሆነና ቡዘር ከተሰማ ግፊቱ እያለቀ ነው። ክፍሉ ውድ ስለሆነ ሻጩ ዝም ማሰኘትን ሊመርጥ ይችላል፤ ገዢው ግን በዝምታ ማለፍ የለበትም።

ኤቢኤስ የሚሠራው ደግሞ ከሥሩ ያለው መደበኛ ፍሬን ደህና ሲሆን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚረሳው የፍሬን ዘይቱ ነው። ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ መስፈርቱ ያዛል፤ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወርዶ መኪናው አይቆምም። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ የዓባይን በረሃ የሚወርድ ሰው ወደ ድልድዩ እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሁለት ቶን የሚመዝን ኤስዩቪ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከባድ ማርሽ ያልተጠቀመ አሽከርካሪ ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን በአራት ዲስኮችና በጥቂት ዘይት ላይ ይጭነዋል። በጣርማ በርም ሆነ ከእንጦጦ ሲወረድ ሒሳቡ ይኸው ነው። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ እንዲለወጥ ብዙ አምራቾች ይመክራሉ፤ በእኛ አገር ግን ያገለገለ መኪና ሲከፈት የሚገኘው ዘይት እንደ ቡና የጠቆረ ነው። በስሕተት የመሪ ወይም የካምቢዮ ዘይት ተጨምሮበት ከሆነ ደግሞ የማስተሩና ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫኑት የካሊፐሮቹ ጎሚኒዎች ያብጣሉ፤ እንዲህ የሆነ ፍሬን በማጠብ ብቻ አይድንም።

ስለ ሰርቮውም ጥቂት መባል አለበት፣ ከፍታችን ይመለከተዋልና። የተለመደው ሰርቮ የሚሠራው በአንድ በኩል የአካባቢው አየር ሲገፋ፣ በሌላ በኩል ሞተሩ አየሩን ሲስብ በሚፈጠረው ልዩነት ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከዚህ ሦስት አራተኛው ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጤነኛ መኪና እንኳ እዚህ የሚያገኘው እገዛ ያነሰ ነው፤ በዱባይ ያልታወቀ ትንሽ የሰርቮ ወይም የቱቦ ቀዳዳ አዲስ አበባ ላይ ፔዳሉን ያደነድነዋል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ፣ ከዚያም እግርን ሳያነሡ ሞተሩን ማስነሣት። ፔዳሉ በትንሹ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይስባል። ሞተሩ እየሠራ ረግጠው ለግማሽ ደቂቃ ሲይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ ማስተሩ እያሳለፈ ነው፣ ወይም ከሆነ ቦታ ይፈስሳል።

ሸራና ዲስክን ሁሉም ስለሚያውቀው አላበዛም። ከውጭ ያለው ሸራ ወፍራም ሆኖ ከውስጥ ያለው ማለቁ የካሊፐሩ መንሸራተቻ ፒን መያዙን ያሳያል፤ ስለዚህ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ ማየት አይበቃም፣ ጎማው መውረድ አለበት። የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት በብዙዎቹ ላይ በራሱ በዲስኩ ተቀርጾ ይገኛል፤ ደጋግሞ ተቶርኖ ከዚያ በታች የወረደ ዲስክ መጣል እንጂ እንደገና መቶርን የለበትም።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስ። መኪናዎቻችን ቦሎ ለማግኘት በየዓመቱ ለቴክኒክ ምርመራ ይቀርባሉ፣ በዚያም የፍሬን ኃይላቸው በሚሽከረከር ሮለር ላይ ይለካል። ይህ መለኪያ ጠቃሚ ነው፤ የግራና የቀኝ ጎማ ልዩነትን፣ የእጅ ፍሬንን፣ የደከመ ካሊፐርን ያጋልጣል። ሆኖም ሮለሩ ጎማውን የሚያዞረው በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው፣ ኤቢኤስ ደግሞ በዚህን ያህል ዝግታ ሥራ አይጀምርም። በሌላ አነጋገር ኤቢኤሱ ከሥሩ የተነቀለ ኤስዩቪ የሮለሩን ምርመራ በጥሩ ውጤት ሊያልፍ ይችላል። የያዘው ወረቀት ሐሰት አይደለም፤ ስለ ኤቢኤሱ የሚናገረው ነገር ግን የለም። ገዢው ግን «ቦሎው አዲስ ነው» ሲባል ሁሉም ነገር የተመረመረ ይመስለዋል።

ስለዚህ የሚመለከታቸው የትራንስፖርት ባለሥልጣናት በመደበኛው ምርመራ ላይ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር እንዲጨምሩ እጠይቃለሁ። መርማሪው ቁልፉን ወደ ኦን አዙሮ የኤቢኤስ መብራት መብራቱንና ሞተሩ ሳይነሣ መጥፋቱን ይይ፤ ኤቢኤስ ተገጥሞለት ከፋብሪካ የወጣ መኪና ላይ መብራቱ ካልበራ፣ ወይም በርቶ ከቀረ፣ መኪናው ተጠግኖ እንዲመለስ ይደረግ። ለዚህ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ቀጥሎም አቅም ሲፈቅድ የኤቢኤስን ኮድ የሚያነብ ስካነር በምርመራ ጣቢያዎች ቢኖር የሽቦ መቀጠሉ ተንኮል ዋጋ ያጣል። የመለዋወጫ እጥረት አለ፣ ውድ ነው የሚለው ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ የውጭ ምንዛሪው ችግር ለእኛ ለጋራዥ ሰዎች የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ነገር ግን የማይጠገነው መኪና ቢያንስ አለመጠገኑ መታወቅ አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ መብራቱ ከጠፋ ማንም ባለቤት ሴንሰር ፍለጋ መርካቶ አይወርድም።

ለሙያ ባልደረቦቼም የምለው አለኝ። ደንበኛው ራሱ «መብራቱን ብቻ አጥፋልኝ» ብሎ ሲመጣ እምቢ ማለት ገቢ እንደሚያሳጣ አልክድም፤ አጠገብ ያለው ጋራዥ እንደሚሠራለትም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ያ መኪና በሚቀጥለው ወር ለማያውቀው ሰው ይሸጣል፣ ያ ሰውም ልጆቹን አሳፍሮ ወደ ደሴ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይወጣል። መጠገን ካልተቻለ ብልሽቱን በደረሰኙ ላይ ጽፎ መብራቱን እንደበራ መመለስ ይቻላል፣ እኔም ይህን ነው የማደርገው።

ለገዢዎችና ለሻጮች ደግሞ ሕጉ ባዶ እጃቸውን እንዳልተዋቸው ማስታወስ እወዳለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ በሚሸጠው ነገር ላይ ስላለ ጉድለት ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፤ ጉድለቱን በተንኮል የደበቀ ሻጭም «ባለበት ሁኔታ ገዝተሃል» በሚል የውል ቃል ከኃላፊነት አያመልጥም። ገዢውም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። በመሆኑም በሽያጭ ውሉ ላይ «የኤቢኤስና የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራቶች በትክክል እንደሚሠሩ ሻጭ አረጋግጧል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገባ ቢጠየቅ፣ የሚያመነታ ሻጭ ከፊርማው በፊት ይታወቃል። ውል የሚያዘጋጁ ጠበቆችና ጸሐፊዎች ይህን ቃል በተለመደው ቅጻቸው ላይ ቢጨምሩት፣ የምርመራ ጣቢያዎቹ ውሳኔ እስኪመጣ ድረስ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የተሽከርካሪ ጥገና ባለሙያ
አዲስ አበባ